የቧንቧ ውሃ

ባርኮት ሻንቆ የሞተችው እጇን በሳሙና ከታጠበች በኋላ ነበር።

ይህን መጀመሪያ ያስተዋለችው ኢንስፔክተር ጥሩወርቅ ናት። ከመኪናዋ ሥር የወጣውን ቀኝ እጅ ይዛ ገለበጠችው። ጥፍሮቹ ንጹሕ ናቸው። መዳፉ ላይ የቅባት ምልክት የለም። ጠጋ ብላ ስታሸተው የሎሚ ሽታ ያለው ሳሙና ሸተታት። ከትናንት ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ሞተር ስትፈታ የቆየች ሴት እጅ አይመስልም።

ቅዳሜ ነው፤ ከረፋዱ አምስት ሰዓት አልፏል። ከዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ ሶዶ ከተማ ዳር ባለ ሰፊ ግቢ፣ ለመኪና ማደሪያ በተሠራ የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ አንዲት ቀይ፣ ባለ ሁለት በር የስፖርት መኪና አፍንጫዋን ደፍታ ቆማለች። ባርኮት ከሥሯ ናት። እግሮቿና አንድ እጇ ብቻ ይታያሉ።

ከአጥሩ ውጭ ሰው ተሰብስቧል። ፍርዱንም ሰጥቷል።

«ሴት ልጅን ምን መኪና ሥር አስገባት?» ይላል አንዱ።

«ጥጋብ ነዋ!» ትመልሳለች ሌላዋ። «አግብታ ቢሆን ባሏ ይገባላት ነበር።»

አንድ ሰው ሳቀ። ሌሎችም ተከተሉት።

ባርኮት የሠላሳ ስድስት ዓመት ሴት፣ በከተማው አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህርት ነበረች። መኪናዋን የወረሰችው ከአባቷ ከአቶ ሻንቆ ነው። አቶ ሻንቆ ዕድሜያቸውን ሙሉ ለመንገድ ሥራ ሲያሽከረክሩ ኖረው፣ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ጥሎላቸው የሄደውን ይህችን መኪና ከልጆቻቸው አስበልጠው ይወዱ ነበር ይባላል። ከሰባት ዓመት በፊት ሲሞቱ ለሴት ልጃቸው ተናዘዙላት። ሰሞኑን የውሃ ፓምፑ እያንጠባጠበ ሞተሩ ሲግልባት ከረመና፣ ባርኮት ዐርብ ከሰዓት በኋላ ራሷ ልትቀይረው ሥራ ጀመረች። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሬሳዋ ተገኘ።

«ግልጽ ነው፣ ኢንስፔክተር» አለ ሳጅን ሶርሳ። «በክሪክ ብቻ አንስታ ገባች፤ ክሪኩ ለቀቀ። መደገፊያዎቹ ይኸው እዚያ ላይ ቁጭ ብለዋል። ብታስገባቸው ኖሮ ትድን ነበር።»

ያመለከተው ወደ ላይኛው መደርደሪያ ነው። መኪና በክሪክ ከተነሣ በኋላ ከሥሩ የሚገቡ፣ ክሪኩ ቢለቅ እንኳ መኪናውን ተሸክመው የሚያቆሙ ሁለት የብረት መደገፊያዎች በግራው ጥግ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

ጥሩወርቅ ቀና ብላ ብረቶቹን አየቻቸው። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ቀጭን ናት፤ በፖሊስ ሥራ ሃያ ሰባት ዓመት ቆይታለች። ስትመረምር አትጮህም፣ አታስፈራራም። አንዱን ጥያቄ ለሁሉም ሰው ትጠይቅና መልሶቹን ጎን ለጎን ታስተያያለች።

መጀመሪያ ወደ ሥራ ጠረጴዛው ሄደች። ጠረጴዛው ላይ አንድ ካርቶን አለ። ባርኮት የፓምፑን ቅርጽ በእስክሪብቶ ሥላበት፣ በዙሪያው ዐሥራ አንድ ቀዳዳ በስታ፣ ለእያንዳንዱ ቁጥር ሰጥታዋለች። የፈታችውን ቡሎን እንዳይምታታባት በየቀዳዳው ትሰካው ነበር። አሁን ዐሥራ አንዱም ቀዳዳዎች ባዶ ናቸው። አሮጌው ፓምፕ አጠገቡ ተቀምጧል።

የመኪናዋን ኮፈን ከፈተች። አዲሱ ፓምፕ ቦታው ገብቷል፤ ቡሎኖቹ ሁሉ ጠብቀዋል፤ ቺንጋው ተወጥሯል። የራዲያተሩን ክዳን ብታነሣ እስከ አፉ ድረስ አረንጓዴ ኩላንት፣ የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ ሞልቷል።

ቀጥላ በሆዷ ተኛችና ከመኪናዋ ሥር ተመለከተች። ክፍሉ በስተኋላ ሲሚንቶ፣ በስተፊት ቀይ አፈር ነው። ከሞተሩ ሥር አፈሩ ረጥቦ ጭቃ ሆኗል። ጣቷን ባቆረው ውሃ ውስጥ ነከረች፤ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። በጭቃው ግራና ቀኝ፣ በክብደት የተጫኑ ሁለት አራት ማዕዘን ምልክቶች አሉ።

ተነሥታ ልብሷን ሳታራግፍ መሰላል አስመጣች። መደርደሪያው ላይ ያሉትን መደገፊያዎች ከሥራቸው ዳሰሰች። እግሮቻቸው ገና ባልደረቀ ቀይ ጭቃ ተለውሰዋል። ወደ ታች ስትመለከት፣ በቅባት በጠቆረው ወለል ላይ አንድ እስር የተማሪ ፈተና ወረቀት አየች። ግማሹ ታርሟል።

«ሶርሳ» አለች ከመሰላሉ ላይ ሆና። «ይህች ሴት ከሞተች በኋላ ተነሥታ ዕቃ ወደ ቦታው መልሳለች?»

ከመሰላሉ ወረደች።

«እንግዲያው ሌላ ሰው ነው የመለሰው። በሩን ዝጋ። ከኛ በቀር ማንም እዚህ እንዳይገባ።»

የባርኮት እንጀራ እናት ወይዘሮ ሳህሊቱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ስልሳ ዓመት አልፏቸዋል። አቶ ሻንቆ ያገቧቸው የመጀመሪያ ሚስታቸው ሞታባቸው ነው፤ ያኔ ባርኮት አምስት ዓመቷ ነበር። ከእሳቸው የተወለደው አንድ ልጅ፣ ኪሩቤል፣ ባርኮትን በሰባት ዓመት ያንሳል፤ ቤሌ ከተማ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ይሠራል።

«ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ገበያ ወጣሁ» አሉ እንጀራ እናትየው። «አራት ተኩል ላይ ስመለስ እንደዚህ ሆና አገኘኋት።»

«ሲወጡ ምን እያደረገች ነበር?»

«ሞተሩ ላይ ተደፍታ ታፏጫለች፣ ጎረምሳ ይመስል።»

«ሰው መጥቶ ነበር?»

«ያ ኤልሳዕ የሚባለው ባለ ጋራዥ በጠዋት መጥቶ ነበር። ምን እንዳመጣ እንጃለት።»

«ባርኮት የብረት መደገፊያዎቹን የት ነበር የምታስቀምጣቸው?»

ወይዘሮ ሳህሊቱ ቀና አሉ። «እነዚያን ብረቶች? በር ላይ ነዋ! እንደገባሽ በስተቀኝ። እግሬን ስንቴ አድምተውታል። ‹አንሽያቸው› ስላት ‹ይከብዳሉ፣ ላይ መስቀል አልችልም› ትለኛለች።»

ጥሩወርቅ አመስግና ወጣች።

የኤልሳዕ ጋራዥ ወደ ቦዲቲ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ሰውየው አርባ አምስት ዓመት ገደማ ይሆነዋል። ስትገባ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ተነሣ።

«ሳሮ፣ ኢንስፔክተር» አላት በወላይትኛ ሰላምታ።

«ሳሮ። ከባርኮት ጋር ተጣልታችኋል ይባላል።»

«መጣላት አይባልም። ‹ሞተሩ ካልወረደ አይሆንም› አልኩት። እሱ ደግሞ... ይቅርታ፣ አማርኛ ያሳስተኛል፤ እሷ ደግሞ ደንበኛ ሁሉ ቆሞ እያየ ‹ኤልሳዕ፣ ዐይንህን ተመርመር፤ የሚያፈሰው ፓምፑ ነው› አለችኝ። ሰው ሳቀብኝ።»

«አንተስ ምን መለስክ?»

ኤልሳዕ ጨርቁን ጠቀለለው። «‹ሴት መኪና ሥር ገብታ በእግሯ ስትወጣ እናያለን› አልኩ። ሰምተውኛል፤ መካድ አልችልም።»

«ዛሬ ለምን ቤቷ ሄድክ?»

«ኩላንት አዝዛኝ ነበር። ሁለት ሰዓት ላይ አደረስኩላት። መኪናዋ መሬት ላይ ነበረች፤ የዚህች መኪና ፓምፕ ከላይ ነው የሚፈታው። ቡሎኖቹን አንዱን ከወዲህ አንዱን ከወዲያ እያፈራረቀች ታጠብቃለች። አሠራሩን አየሁት።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔም እንደዚያ አላሳምረውም። ግን አልነገርኳትም።»

«የብረት መደገፊያዎቹን አይተሃቸዋል?»

«አዎ፣ በር ላይ። አደናቅፈውኝ ልወድቅ ነበር።»

ገና ሳይመሽ ወሬው ከተማውን አዳረሰ። አደጋ አይደለም፣ ግድያ ነው ተባለ። ጠዋት በባርኮት ሲስቁ የነበሩት ሰዎች አሁን ስለ እሷ ተቆጥተው የኤልሳዕን ጋራዥ በድንጋይ መቱት፤ መስኮቶቹን አረገፉት፤ ሚስቱን «የነፍሰ ገዳይ ሚስት» እያሉ እስከ ቤቷ ተከተሏት። ጥሩወርቅ ኤልሳዕን ጣቢያ አስገባችው።

«እሱ እንዳልሆነ ያውቃሉ፣ አይደል?» አላት ሶርሳ።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን?»

«ውጭ ከሆነ ይገድሉታል። ደግሞም እውነተኛው ገዳይ እሱ መታሰሩን ሲሰማ ይዝናናል።»

ኤልሳዕ ሦስት ሌሊት ቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ አደረ። ጥሩወርቅ አንድም ጊዜ ሄዳ አላጽናናችውም።

ሬሳውን የመረመረው ሐኪም ውጤቱን የነገራት በዚያው ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ነው። «ወዲያው አልሞተችም» አላት። «ደረቷ ተጭኖ ትንፋሽ እያጠራት ነው ያለፈችው። ዐሥር ደቂቃ፣ ምናልባት ሩብ ሰዓት። መጀመሪያ ላይ ድምፅ ማሰማት ትችል ነበር።»

እሑድ ባርኮት ተቀበረች። ሰኞ ጥሩወርቅ ለቅሶ ቤት ሄዳ ድንኳኑ ውስጥ ከኪሩቤል አጠገብ ተቀመጠች። ቁመተ ረጅም፣ ዝምተኛ ልጅ ነው። እጅ ሲነሣት የግራ እጁ ሁለት ጣቶች ተጣመው እንደቀሩ አየች።

«መቼ መጣህ?» አለችው።

«ቅዳሜ ረፋድ ከቤሌ ተሳፈርኩ። አምስት ሰዓት ላይ ስደርስ ግቢው በሰው ተሞልቷል።»

«መኪናዋ ያለችበት ክፍል ገብተህ ነበር?»

«ፖሊስ ዘግቶታል። ደግሞ አባቴ ከተቀበረ ጀምሮ እዚያ ክፍል ገብቼ አላውቅም። ስመጣም እናቴን ጠይቄ እመለሳለሁ።»

«የብረት መደገፊያዎቹ የሚቀመጡት የት ነው?»

«ላይኛው መደርደሪያ፣ በስተግራ ጥግ» አለ ወዲያው። «ምነው?»

«ለመዝገብ ነው» አለች ጥሩወርቅ።

ከድንኳኑ ስትወጣ የኪሩቤልን እጮኛ ማኅሌትን አገኘቻት። ሠርጋቸው ለሚቀጥለው ወር ተቆርጦ ነበር። ወደ አጥሩ ጥግ ወሰደቻትና ባርኮትንና ኪሩቤልን ስለሚያጣላ ነገር ጠየቀቻት።

ማኅሌት መጀመሪያ አመነታች። «ባለፈው እሑድ ሽማግሌዎቻችን እዚህ ምሳ ተጋብዘው ነበር» አለች በኋላ። «ኪሩቤል ለሠርጋችን ቀይዋን መኪና እንድትሰጠው እህቱን ለመናት። ‹አንተን መኪና አላስነካህም› አለችው። ከዚያ አንድ ታሪክ አወራች።»

«ምን ታሪክ?»

«ልጅ ሆኖ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ እያለ፣ አባታቸው ዕቃ መልስ ብለውት በተሳሳተ መደርደሪያ ያስቀምጣል። አባትየው የቡሎን መፍቻውን ሲያነሡ ኪሩቤል ቆሞ ሱሪው ላይ ሸና። ባርኮት አካሄዱን እያስመሰለች አሳየችን።»

«ሰዎቹ ምን አሉ?»

ማኅሌት መሬት መሬት አየች። «ሳቁ።»

«አንቺስ?»

«አስመስላ ስታሳይ ታስቅ ነበር እኮ።»

በዚህ መሐል ከድንኳኑ ውስጥ የወይዘሮ ሳህሊቱ የሙሾ ድምፅ ከፍ አለ። ሴቶቹ እየተቀበሏቸው ደረታቸውን ይመታሉ።

«እማዬ! እማዬ! ብላ ስትጣራ፣
ሦስቴ ጠርታኝ ልጄ አራተኛ ሳትጠራ!»

ጥሩወርቅ ማኅሌትን ተወቻት። ግጥሙ እስኪደገም ቆማ ሰማችው፤ ከዚያ ማስታወሻ ደብተሯን አውጥታ ጻፈችው።

ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉንም መኪናዋ ባለችበት ክፍል ሰበሰበቻቸው። ወይዘሮ ሳህሊቱ ወንበር ተሰጣቸው። ኪሩቤልና ማኅሌት አጠገባቸው ቆሙ። ኤልሳዕ ከጣቢያ መጥቶ በበሩ በኩል ቆመ፤ ፂሙ አድጓል፣ ማንንም አያይም። መደገፊያዎቹ በምርመራ ክፍል ናቸው። ሶርሳ በሩን ዘጋው።

«አጭር ነው» አለች ጥሩወርቅ። «ባርኮት ሥራዋን ጨርሳ ነበር። ካርቶኑ ላይ ቡሎን አልቀረም፤ ኩላንቱ ተሞልቷል፤ ኮፈኑ ተዘግቷል። እጇንም ታጥባ ነበር። ታጥቦ የጨረሰ ሰው ተመልሶ መኪና ሥር የሚገባው ለምንድነው?»

ወደ መኪናዋ አፍንጫ ሄዳ መሬቱን አሳየቻቸው።

«የሚያፈስ ነገር ሲያይ ነው። ከሞተሩ ሥር ውሃ ፈሶ አገኘች። ሁለት ቀን የለፋችበት ፓምፕ አፈሰሰ ብላ ደነገጠች። ግን ይህ ራዲያተር አረንጓዴ ነው፤ መሬት ላይ የነበረው ውሃ ቀለም አልነበረውም። የቧንቧ ውሃ ነው። አንድ ሰው ደፍቶት ነው የጠራት።»

ኤልሳዕ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ።

«ባርኮት ጥንቁቅ ሴት ነበረች» ቀጠለች። «ብትደነግጥም መኪናዋን በክሪክ አንስታ ሁለቱን መደገፊያዎች አስገባች። የእግራቸው ምልክት ጭቃው ላይ ታትሟል። ጭቃው ደግሞ ያ ውሃ ከመደፋቱ በፊት አልነበረም። እሷ ከገባች በኋላ ያ ሰው ክሪኩን ትንሽ ጨመረ፣ መኪናዋ ከመደገፊያዎቹ ላይ ከፍ ስትል ከግራና ከቀኝ ሳባቸው፣ ከዚያ ክሪኩን ለቀቀው። መደገፊያዎቹን ወስዶ ከነጭቃቸው መደርደሪያ ላይ ሰቀላቸው። ‹ሴት ናት፣ ሳትደግፍ ገባች› እንድንል። እኛም ብለን ነበር።»

«ማን ነው ታዲያ?» አለች ማኅሌት ቀጠን ባለ ድምፅ።

«ሁላችሁንም አንድ ጥያቄ ጠይቄያችኋለሁ። መደገፊያዎቹ የሚቀመጡት የት ነው? ኤልሳዕ በር ላይ አለ። ወይዘሮ ሳህሊቱ በር ላይ አሉ። ባርኮት ከብደዋት ከዓመታት በፊት በር ላይ አውርዳቸዋለች። በቅርብ ይህን ክፍል ያየ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው እዚያ ነው። ቢመልሳቸውም እዚያው ነበር የሚጥላቸው። ገዳዩ ግን በጣም ደከመ። ሁለቱን ከባድ ብረቶች ከራሱ በላይ አነሣ። ከዚያም በላይ፣ ቦታው ባዶ አልነበረም፤ ባርኮት የምታርመው የፈተና ወረቀት ተቀምጦበት ነበር። ወረቀቱን መሬት አውርዶ ብረቶቹን እዚያ አደረጋቸው። ከጎኑ ሁለት ክንድ ሙሉ ባዶ ቦታ እያለ።»

መሰላሉን አስጠግታ ወጣች፤ የመደርደሪያውን ጣውላ በእጇ ጠረገችው። «ከሥሩ ነጭ ቀለም አለ። አቶ ሻንቆ ለእያንዳንዱ ዕቃ ቦታውን በቀለም ከበውለት ነበር። የመደገፊያዎቹ ቦታ ይህ ነው፤ አሁን ደብዝዞ አይለይም። ይህን ቦታ የሚያስታውስ፣ ደግሞም ከአባትየው ሞት በኋላ ባርኮት የለወጠችውን የማያውቅ ሰው አንድ ብቻ ነው። ሰኞ ዕለት ጠየቅኩት። ሳያስብ ‹ላይኛው መደርደሪያ፣ በስተግራ ጥግ› አለኝ።»

ሁሉም ወደ ኪሩቤል ዞሩ።

«በልጅነቴ የማውቀውን ነገርኳችሁ» አለ ኪሩቤል። «ይህ ነፍሰ ገዳይ ያደርገኛል?»

«አያደርግህም። ግን ቅዳሜ ከቤሌ የወጣኸው ረፋድ ላይ አይደለም። የመጀመሪያው አውቶቡስ ረዳት ያውቅሃል፤ አንድ ሰዓት ላይ ተሳፍረሃል። ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ሶዶ ነበርክ። ኤልሳዕ እስኪወጣ የት ቆየህ?»

ኪሩቤል የተጣመሙትን ጣቶቹን በሌላው እጁ ያዛቸው። ከዚያ መናገር ሲጀምር ድምፁ የተረጋጋ ነበር፤ ስለ ሌላ ሰው የሚያወራ ይመስላል።

«የዕቃ ቦታ ስስት አባቴ ጣቴን በዐሥራ ሰባት ቁጥር መፍቻ ይመታኝ ነበር። መፍቻውን የምታቀብለው እሷ ናት። ‹ዐሥራ ሰባት› ሲላት ሮጣ ታመጣለታለች። ሁልጊዜ ደስ እያላት።» ወደ ማኅሌት ተመለከተ። «አንቺም ሳቅሽ።»

ማኅሌት ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሸሸች።

«ቅዳሜ ምን አልካት?» አለች ጥሩወርቅ።

«‹እንኳን ደስ ያለሽ፣ ግን እያፈሰሰ ነው› አልኳት። እንደዚያ ስትደነግጥ አይቻት አላውቅም። ገባች። ‹ትንሽ ከፍ ላድርግልሽ› አልኳት፣ ‹ጎበዝ› አለችኝ። ጣቷን ውሃው ውስጥ ነክራ አሸተተችው። ‹ኪሩ፣ ይሄ እኮ የቧንቧ ውሃ ነው› አለች። ሳቀች። ‹አሁንም እንደ ልጅነትህ ውሃ ታፈሳለህ?› አለችኝ። ያኔ ለቀቅኩት።»

«መደገፊያዎቹንስ ለምን እዚያ ሰቀልካቸው?»

ኪሩቤል ጥያቄው የገረመው ይመስል አያት። «ቦታቸው እኮ ነው» አለ።

ሶርሳ ካቴናውን ይዞ ቀረበ። ወይዘሮ ሳህሊቱ ከወንበራቸው ተነሥተው የልጃቸውን ክንድ ያዙ፤ ማልቀስ ጀመሩ።

«ይቀመጡ፣ ወይዘሮ ሳህሊቱ» አለች ጥሩወርቅ። «ገና አልጨረስኩም። ገበያ ወጥቼ ነበር፣ ስመለስ ሞታ አገኘኋት ብለውኛል። ለቅሶ ላይ ግን ‹እማዬ ብላ ሦስቴ ጠርታኝ› ብለው አለቀሱ። ሞታ ካገኟት መቼ ጠራችዎ?»

የአሮጊቷ እጅ ከልጃቸው ክንድ ላይ ወረደ።

«ሙሾ ነው እኮ» አሉ። «ሙሾ ላይ ሰው ብዙ ነገር ይላል።»

«ቁጥር ያለው ሙሾ ነው። ሦስት ብለዋል። አራተኛ አልጠራችም ብለዋል።»

ወይዘሮ ሳህሊቱ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። የመለሰው ኪሩቤል ነው።

«እናቴ ቤት ነበረች» አለ። «መኪናዋ ስትወድቅ ድምፁን ሰምታ መጣች። በሩ ላይ ቆመች። ባርኮት እግሯን አይታ አወቀቻት፤ ጠራቻት። እናቴ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ በሩን ዘግታ ሄደች።» ትንሽ ፈገግ አለ። «ልማዷ ነው። አባቴ ሲመታኝም በሩን እየዘጋች ነበር የምትሄደው።»

«ክሪኩ አጠገቧ ነበር» አለች ጥሩወርቅ ወደ ሴትየዋ ዞራ። «እጀታውን ዐሥር ጊዜ ቢጫኑት ትተነፍስ ነበር። ሐኪሙ ሩብ ሰዓት ድረስ በሕይወት ነበረች ይላል። ያንን ሁሉ ጊዜ ምን ሠሩ?»

«ሳሎን ተቀመጥኩ» አሉ ወይዘሮ ሳህሊቱ።

«ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደጓት ልጅ ናት።»

«አውቃለሁ።» ነጠላቸውን ከአፋቸው አነሡ። ዕንባቸው ቆሟል። «ከዳነች ልጄን ታሳስረዋለች። እሱ ከሆዴ ነው የወጣው። እሷ የሟቿ ልጅ ናት።»

ኤልሳዕ ወደ መሬት ምራቁን እንትፍ አለና በሩን ከፍቶ ወጣ። ማንም አልከለከለውም።

ኪሩቤል ሃያ ሦስት ዓመት ተፈረደበት። ወይዘሮ ሳህሊቱ በሞት አደጋ ላይ ያለን ሰው ባለመርዳት አምስት ወር ታሰሩ፤ ሕጉ ለዚህ ከስድስት ወር አያልፍም። ማኅሌት በዓመቱ ቢጠና በምትባል ከተማ ለሚሠራ ሰው ተዳረች። የኤልሳዕን መስኮት ከሰበሩት ሰዎች አንድም ይቅርታ የጠየቀው የለም፤ መኪናቸው ሲበላሽ ግን እሱ ጋ ይመጣሉ፣ እሱም ይሠራላቸዋል።

ወይዘሮ ሳህሊቱ በተፈቱ ሳምንት ምግብ በሳህን ቋጥረው ማረሚያ ቤቱ በር ላይ ተሰለፉ። ሁለት ሰዓት ጠበቁ። ጠባቂው ስማቸውን ይዞ ገብቶ ብቻውን ተመለሰ።

«አላውቃትም በሏት ብሏል» አላቸው።

«ምግቡንስ?»

«ለሌላ እስረኛ ስጡት ነው ያለው።»

ሳህኑን ለጠባቂው ሰጡና ሄዱ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሰው ሰልፉ ላይ ቆሙ፤ ከዚያ በኋላም በየቅዳሜው። ልጃቸው አንድም ቀን አልወጣላቸውም።